ኮንዶም የማይሰጥ ክሊኒክ በኤች አይ ቪ ላይ ይሥራ? (የድሬና የሐረር ልጆች ክርክር)

ከዚራ ጥላ፦ ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም። ትናንት ሳቢያን ቡና ላይ የተነሳ ጭቅጭቅ ነው፣ ሳያልቅ ስለተለያየን እዚህ አመጣሁት። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ቫይረሱ ያለባቸውን ታክማለች፣ ታስታምማለች፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ታሳድጋለች። ኮንዶም ግን አትሰጥም፣ ተጠቀሙም አትልም። እንዲህ ያለ ተቋም የመንግሥት ወይም የእርዳታ ገንዘብ ወስዶ በኤች አይ ቪ ላይ ይሥራ ወይስ ይቅር? የኔን ልናገርና ልውጣ፦ ይሥራ፣ ግን ሰውን በግማሽ መረጃ ወደ ቤቱ አይላክ። ሃይማኖት የተሳደበ ይወጣል፣ ተነጋግረናል አቦ።

የሾፌር ልጅ፦ ይቅር ባይ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን የፈጀው ጅቡቲ መስመር ላይ ነው። በዚያ ዘመን ስንቱ ሾፌር፣ ስንቱ ረዳት፣ ድንበሩ ደወሌ ላይ ሻይ የምትሸጥ ስንቷ ልጅ አለቀች። ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ የሚያድርን ሰው "ታቀብ" ብሎ መሸኘት ምክር ነው እንዴ? ሕይወት ትረስት ኮንዶም በየሱቁ በርካሽ ሲገባ ነው ቢያንስ ምርጫ የመጣው። ደግሞ ካርዲናል ሎፔዝ ትሩሂዮን አትርሱ። የቫቲካን የቤተሰብ ጉዳይ ኃላፊ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ለቢቢሲ ቫይረሱ በኮንዶም ሊያልፍ ይችላል አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ስህተት ነው፣ አደገኛም ነው ብሎ መለሰ። ኮንዶም ኃጢአት ነው ካልክ እምነትህ ነው፣ ዝም እልሃለሁ። ያፈስሳል ካልክ ግን ስለ ጎማ ነው ያወራኸው፣ ማስረጃ አምጣ።

ሚሽን የተማረ፦ ካርዲናሉን እኔም አልከላከልላቸውም። ግን ወንድሜ፣ ያንን ዘመን ካነሳህ አይቀር ሁሉንም አንሳው። አከራይ የበሽተኛን ፍራሽ ውጭ ሲጥል፣ ዘመድ ምግብ በር ላይ አስቀምጦ ሲሄድ፣ የተጠቀመበት ብርጭቆ ለብቻው ሲለይ፣ ማን ነበር በእጁ የነካው? የማዘር ትሬዛ እህቶች። ያቺ ሰማያዊ ጥለት ያላት ነጭ ሳሪ እዚሁ ድሬም አለች። ቁስል ያጥባሉ፣ አንሶላ ይቀይራሉ፣ ማንነትህን አይጠይቁም። ካቶሊክ በዚህ አገር ከመቶ አንድ አይሞላም፣ ስለዚህ የሚያስታምሙት የራሳቸውን ምእመን አይደለም። ሐረር ላይ ደግሞ የካቶሊክ መነኮሳቱ ካፑቺኖች የሥጋ ደዌ ሕሙማንን መሰብሰብ የጀመሩት ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ነው። ቤተክርስቲያኒቱ በዓለም ላይ ካለው የኤች አይ ቪ እንክብካቤ ሩብ ያህሉን እኔ እሰጣለሁ ትላለች። ቁጥሩን ተጠራጠሩት፣ በግማሽም ቀንሱት። ያንን ሁሉ "ይቅር" ስትል አልጋው ላይ ያለውን ሰው ወዴት ልትወስደው ነው?

ጀጎል በር፦ ካቶሊክ ብቻ ለምን ተለየ? የኛ ሼኾችም ኮንዶም አዳይ አልነበሩም። ጠበል ይዘሃል፣ መድኃኒቱን ተው የተባለበት ጊዜም ነበር። አቡነ ጳውሎስ ናቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ ያሉት፣ ይመስገኑ። ልዩነቱ ግን አለ። ሼሁ ቢከለክለኝ ሰምቼው ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ካርዴን የያዘው ክሊኒክ ራሱ ሲከለክለኝ የት እንደምሄድ ማን ይነግረኛል?

ሲስተር ከድሬ፦ ጀጎል በር ነገሩን ነካው። ኤ አር ቲ ክፍል፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ነው የምሠራው። አንድ ባልና ሚስት መጡ፣ መታወቂያ የሚሆነውን ሁሉ ቀይሬ ነው የምጽፈው። እሱ ቫይረሱ አለበት፣ እሷ የለባትም። ቀድመው የሄዱት ወደ አንድ የሃይማኖት ክሊኒክ ነው። በደንብ አክብረው አስተናግደዋቸዋል፣ መድኃኒትም አስጀምረውታል። ስለ መኝታ ሲጠይቁ ግን መልሱ "ታማኝ ሁኑ፣ ጸልዩ" ነበር። እነሱ እኮ ታማኝ ናቸው! ታማኝነት ከውጭ የሚመጣውን ይከለክላል እንጂ ቤት ውስጥ ያለውን አይከለክልም። እንደዚያ እያሉ ወራት አልፏቸዋል። ሴትየዋ ስትመረመር ነጻ ሆነች፣ እግዜር ይስጠው፣ እጄ ግን ሲንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ደግሞ ለሁለታችሁም የሚሆን ነገር ልጨምር። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ፣ ቫይራል ሎዱ (በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን) ወርዶ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ቤተክርስቲያኒቱ ደግሞ መድኃኒቱን አትቃወምም፣ እንዲያውም ከሚያድሉት አንዷ ናት። ስለዚህ ለጥንዶች ጠቡ የቀረው መድኃኒቱ እስኪሠራ ባሉት ወራት ላይ ነው፣ ስድስት ወር ገደማ በሉት። ለእነዚያ ወራት ኮንዶም አለ፣ ሁልጊዜና በትክክል ሲጠቀሙበት ስርጭቱን በ80 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለእሷ ደግሞ ፕሬፕ አለ፣ ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደው መድኃኒት። ይህንን የሚነግራቸው ሰው ነው የጠፋው። ሴተኛ አዳሪዎችና ወጣቶች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፣ እዚያ የሾፌር ልጅ ልክ ነው።

ሚሽን የተማረ፦ ሲስተርዬ፣ እንዲህ ላሉት ጥንዶች እኮ ከቤተክርስቲያኒቱ ውስጥ የተናገሩ አሉ። ደቡብ አፍሪካ፣ የሩስተንበርጉ ጳጳስ ኬቪን ዳውሊንግ የማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ያሉትን ሴቶች አይተው፣ ሕይወት ለማዳን ኮንዶም ይፈቀድ ብለዋል። የአገሪቱ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ2001 የኮንዶም ዘመቻውን ቢያወግዙም፣ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ጥንድ በኅሊናው ይወስን ብለው በር ትተዋል። የሮማው ጳጳስ ቤኔዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ካሜሩን ሲበሩ ኮንዶም ማደል ችግሩን ያባብሳል አሉ፣ ዓለም ጮኸባቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በአንድ ቃለ ምልልስ፣ ሰው ሌላውን ላለማስያዝ ብሎ ቢጠቀም የኃላፊነት የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን ይችላል አሉ።

የሾፌር ልጅ፦ ቫቲካንም ወዲያው ትምህርታችን አልተለወጠም ብሎ መግለጫ አወጣ፣ እሱን ዘለልከው 😀 ያ እርምጃ ከሮም ድሬ እስኪደርስ ስንት ሰው ይለቅ? ለማንኛውም እኔ ጠቤ ከቄስ ጋር አይደለም፣ ከገንዘብ ጋር ነው። የአሜሪካው የኤች አይ ቪ እርዳታ ፕሮግራም ፔፕፋር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ሕጉ ከመከላከያው ገንዘብ አንድ ሦስተኛው ለመታቀብ ትምህርት ይዋል ይል ነበር። የሃይማኖት ድርጅት ደግሞ ኮንዶም አልነካም ብሎ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። ኮታው እ.ኤ.አ. በ2008 ተነሳ፣ አልነካም ማለቱ ግን አሁንም መብት ነው። ሳይሰጥ ይቅር፣ እሺ። ግን የት እንደሚገኝ ለመናገርም ኅሊናው አይፈቅድለትም?

ከዚራ ጥላ፦ እዚህ ላይ ነው እኔም የቆምኩት። አልሰጥም ማለት መብቱ ይሁን። ግን ካርዱ ላይ "ስለ መከላከያ ምክር ወደዚህ ጤና ጣቢያ ሂዱ" ብሎ መጻፍ ግዴታ ይሁን፣ ገንዘቡም በዚያ ቅድመ ሁኔታ ይሰጥ። በኛ አቆጣጠር ከጥር 2017 ወዲህ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ እንዳየነው ክሊኒክ የሚዘጋ እንጂ የሚከፍት ብዙ የለም። ያለውን ማባረር አያዋጣንም።

ሚሽን የተማረ፦ ሪፈር መጻፉ ራሱ መተባበር ነው የሚሉ አባቶች ይኖራሉ።

ሲስተር ከድሬ፦ ይኑሩ። እኔ በአፍ የሚነገረውንም እቀበላለሁ። "ሲስተር ጋ ሂዱ" ይበቃል፣ ኮንዶም የሚለውን ቃል እኔ እናገረዋለሁ።

የሾፌር ልጅ፦ እኔ በአፍ አልቀበልም። በአፍ የተባለ ነገር ተቆጣጣሪ ሲመጣ "ብለናል" ይባላል። ካርዱ ላይ በጽሑፍ፣ ካልሆነ ያው ይቅር ባይ ነኝ።