የቢሮ ዊንዶውስ 10ን ምን ላድርገው? ምክራችሁን እሻለሁ

ሰላም እህት ወንድሞች። ጅማ ውስጥ ቡና ሰብስቦ ለላኪዎች የሚያቀርብ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒውተሮቻችን ሁሉም ዊንዶውስ 10 ናቸው። ማይክሮሶፍት ደግሞ መደበኛ ድጋፉን (ነጻ የደህንነት ማሻሻያውን) ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል።

አለቃዬ «የሚሠራን ዕቃ ለምን ትነኪያለሽ? ገንዘቡ ቡና ይግዛበት» ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ በለቀማ ወቅት ጥሬ ብር ያስፈልጋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የገበሬዎቹ ክፍያና ቀሪ ሒሳብ ሁሉ እዚያው ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ መሆኑ ነው። ፋይል ደግሞ በፍላሽ ከየቦታው ይመጣል። አንድ ቀን ቫይረስ ቢቆልፍብን ለገበሬው ምን እመልሳለሁ?

ወደ ዊንዶውስ 11 ልቀይር ብል ማሽኖቹ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ናቸው። እሱ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል። ስለዚህ ማሻሻል ማለት አዲስ መግዛት ነው። ለድርጅቶች የሚሸጠው የተራዘመ የደህንነት ድጋፍ ለአንድ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው። በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል፣ ከ3 ዓመትም አያልፍም። ለአሮጌ ማሽን ይህን መክፈል አይዋጥልኝም። ዶላሩስ ከየት ይመጣል?

ያሰብኩት የሒሳቡን ኮምፒውተር ብቻ በአዲስ መቀየር ነው። የቀሩት ከኢንተርኔት ተነቅለው ለጽሑፍና ለህትመት ይሁኑ። ያዋጣል ትላላችሁ? የቆየ ፒችትሪ ዊንዶውስ 11 ላይ ጭናችሁ የምታውቁ፣ ዳታውን እንዴት አዛወራችሁት? ጅማ ያላችሁ ደግሞ፣ ይህን ሥራ በደንብ የሚችል ባለሙያ ካወቃችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።