«ጌት» የምትባለው ቃል አቃተችኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ የቆያችሁ፣ እንግሊዝኛውን የለመዳችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ሰዋስው አገር ቤት ደህና ተምሬያለሁ። «ጌት» ግን አቃተችኝ።

ትምህርት ቤት ትርጉሟ «ማግኘት» ነው የተባልነው። እዚህ ግን «ጌት አፕ» መነሳት ነው። «ጌት ታየርድ» መድከም፣ «አይ ጌት ኢት» ደግሞ ገባኝ። እነዚህን እሺ፣ ለመድኳቸው።

ያስጨነቀኝ ባለፈው ሳምንት የሆነው ነው። የምንከባከባቸው እናት ጉልበታቸውን እያመማቸው «አይል ጌት ባይ» አሉኝ። መጨረሻ ላይ «ባይ» ስሰማ የተሰናበቱኝ መሰለኝና ወጣሁ። ለካስ «እንደምንም እችለዋለሁ» ማለታቸው ነበር! ሕመማቸውን ችለው ብቻቸውን መቀመጣቸውን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የኛም «ያዘ» እኮ እንዲሁ ነው። ታክሲ ያዝኩ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ መዝሙሩን በቃሉ ያዘ። ይህን ማንም ዘርዝሮ አላስተማረኝም፤ ከነአገባቡ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የ«ጌት»ን ዝርዝር ብሸመድድም ሰው ቶሎ ቶሎ ሲያወራ የሚጠፋብኝ ለዚህ ይመስለኛል።

እናንተ እንዴት ለመዳችኋት? ከኋላዋ የምትከተለውን ትንሽ ቃል ላጥና ወይስ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን? በተለይ የጤና ባለሙያዎች፣ ታማሚ ስለ ሕመሙ ሲናገር በ«ጌት» የሚላቸውን አባባሎች ከነትርጉማቸው ጻፉልኝ። ሁለት ሦስትም ቢሆን ይበቃኛል። ሰኞ ጠዋት እሳቸው ጋ ተመልሼ እገባለሁ።