ሴናተር ማካርቲን አራት ዓመት ሙሉ የሚያስቆመው እንዴት ጠፋ?

ዳግም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የዊስኮንሲኑን ሴናተር የጆሴፍ ማካርቲን ታሪክ እያነበብኩ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1950 ዊሊንግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ላይ ተነስቶ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያሉ የኮሚኒስቶች ዝርዝር በእጄ አለ አለ። ጋዜጣ ቁጥሩን 205 ብሎ ዘገበ። በቀናት ውስጥ 57 ሆነ። ሴኔት ውስጥ ደግሞ 81። ቁጥሩ እንዲህ ሲለዋወጥ እያዩ እንዴት ዝም አሉት?

ሰላማዊት፦
ዳግም፣ ሁሉም ዝም አላሉም። የተናገሩት ግን ዋጋ ከፈሉ። የሜሪላንዱን ሴናተር ሚላርድ ታይዲንግስን ተመልከት። ክሱን የመረመረውን ኮሚቴ የመራው እሱ ነው፤ የኮሚቴው ሪፖርትም ክሱ ማጭበርበር ነው አለ። በዚያው ዓመት ምርጫ ሲደርስ አንድ የቅስቀሳ ጋዜጣ ተበተነ። የማካርቲ ሠራተኞች እጅ ነበረበት። ፎቶው ላይ ታይዲንግስ ከቀድሞው የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ከኧርል ብራውደር ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ሲያዳምጠው ይታያል። ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ተቀጣጥለው ነው! ከሥሩ የተቀናበረ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ነበረ፤ ግን ማን ልብ ይለዋል? ታይዲንግስ ተሸነፈ። ፎቶው ብቻ ጣለው አልልም። የቀሩት ሴናተሮች ግን አዩ፣ ፈሩ።

ሴናተር ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ ደግሞ የማካርቲ የራሱ ፓርቲ፣ የሪፐብሊካን፣ ሰው ናት። ጁን 1 ቀን 1950 ሴኔት ውስጥ ቆማ አወገዘችው፤ ስሙን ግን አልጠራችም። እሱም በኋላ ከሴኔቱ የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ አስወጥቶ በቦታዋ ሪቻርድ ኒክሰንን አስገባ። እኔ ለዚህች ሴት ትልቅ ክብር አለኝ። በመግለጫዋ ላይ ከእሷ ጋር የፈረሙት ሴናተሮች ስድስት ብቻ ነበሩ።

ሌላው፣ ሴናተር በጉባኤው ላይ በተናገረው አይከሰስም። ስሙ የጠፋበት ሰው የት ሄዶ አቤት ይበል?

ናትናኤል፦
ሰላማዊት፣ ሰላዮች እኮ በእርግጥ ነበሩ። በ1995 ይፋ የወጡትን የቬኖና መልእክቶች፣ አሜሪካ ፈትታ ያነበበቻቸውን የሶቭየት ምስጢራዊ የስለላ መልእክቶች፣ አላየሽም? ሰውየው ከመሬት ተነስቶ አልጮኸም።

ሰላማዊት፦
ነበሩ፣ አልክድም። ሕዝቡ ያመነውም ለዚህ ነው። በ1949 ሶቭየት አቶሚክ ቦምብ ሞከረች፣ ቻይና በኮሚኒስቶች እጅ ገባች። ሰው ደንግጧል። ግን በማካርቲ ምርመራ በስለላ የተፈረደበት አንድ ሰው ጥራልኝ። የለም። ሥራውን ያጣው፣ ጎረቤት የሸሸው ግን ብዙ ነው። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ዳግም፦
ታዲያ በመጨረሻ ምን ጣለው?

ሰላማዊት፦
ከጦር ሠራዊቱ ጋር ገጠመ፤ ያውም በቴሌቪዥን በተላለፈ የሴኔት ምርመራ ላይ። ጁን 9 ቀን 1954 የሠራዊቱ ጠበቃ ጆሴፍ ዌልች የማካርቲን ረዳት ሮይ ኮንን እያፋጠጠ ነበር። ማካርቲ ጣልቃ ገባና የዌልችን ቢሮ ወጣት ጠበቃ ፍሬድ ፊሸርን ስም አነሳ፤ ከኮሚኒስቶች ጋር ንክኪ ያለው ማኅበር አባል ነበር ብሎ። ይህ ስም እንዳይነሳ አስቀድሞ ስምምነት ነበር። ኮን ተው እያለው ነው፣ እሱ ቀጠለ። ዌልች ድምፁ ተሰብሮ «ከቶ ይሉኝታ የለህም?» አለው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ዲሴምበር 2 ላይ ሴኔቱ 67 ለ22 አወገዘው። ከዚያ በኋላ ለመናገር ሲነሳ ሰው ጥሎት ይወጣ ነበር። ሜይ 2 ቀን 1957 ሞተ፣ ገና በ48 ዓመቱ።

ዳግም፦
እግዜር ይስጥልኝ። የታይዲንግስን ፎቶ አሁኑኑ ፈልጌ ላየው ነው።