ክርክር፦ እሾሃማ ቁጥቋጦ በሕግ ደን ሊባል ይገባል? የግሪክ የደን ካርታ ጉዳይ

የክርክሩ መሪ፦ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ግሪክ ነው። የአገሪቱ የደን ካርታ የሚሠራው በ1945 ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን ከአሁኑ ይዞታ ጋር በማስተያየት ነው። በ2021 መጀመሪያ የቀርጤስና የኪክላዴስ ደሴቶች ካርታ ይፋ ሲደረግ ሕዝቡ ተቆጣ። «ፍሪጋና» የሚሉት፣ እስከ ጉልበት ቢደርስ ነው፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ የሸፈነው ሰፊ መሬት በደን ሕግ ሥር ገብቶ ተገኘ። ተገቢ ነው? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀርጤስ፦ ተገቢ አይደለም። እዚህ ያገባሁ ሰው ነኝ፤ የባለቤቴ አያት በእርከን ላይ ገብስ ይዘሩ ነበር። ልጆቻቸው ገሚሱ አቴንስ፣ ገሚሱ መርከብ ላይ ገባ፤ መሬቱም ጦም አደረ። ጦም ያደረ መሬት ላይ እሾህ ይበቅላል፣ ሌላ ምን ይበቅላል? ደግሞስ የ1945 ፎቶግራፍ ምን ይመሰክራል? ደሴቲቱ ከጀርመን ወረራ ገና እየወጣች የነበረችበት ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ያልታረሰ ሁሉ ደን ነበር ማለት ነው? ይግባኝ ልበል ስትል ደግሞ ክፍያ አለው።

ከተሰሎንቄ፦ ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል፤ ግን ሕጉን እንየው። የምማረው ሕግ ስለሆነ ትንሽ ላስረዳ። የ1975ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 24 የደንን አገልግሎት መለወጥ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ይከለክላል። በ2001 ሲሻሻል ደን ምን እንደሆነ የሚተረጉም መግለጫ ተጨመረበት፦ እንጨታማ ግንድ ያላቸው የዱር ተክሎች ከመሬቱ፣ አብሯቸው ከሚኖረው እንስሳና ዕፅ ጋር እርስ በርስ ተሳስረው የሚፈጥሩት ማኅበረሰብ ነው ይላል። ይህ ዕፀዋት ሳሳ ብሎ ሲገኝ፣ ረጅምም ሆነ ቁጥቋጦ፣ «የደን ይዞታ» ይባላል። ቁጥቋጦ የሚለው ቃል እዚያው ተጽፏል፤ ካርታ ሠሪዎቹ ከኪሳቸው አላወጡትም። አንቀጽ 117 ደግሞ የተቃጠለ ደን ደንነቱን አያጣም፣ መልሶ ሊለማ ግድ ነው ይላል። ይህ ባይኖር ክብሪት የያዘ ሁሉ የቤት መሥሪያ ቦታ ባለቤት በሆነ ነበር።

መሬታችንን መንግሥት ሊወስድ ነው የሚለውም ስጋት ተጋኗል። አከራካሪ የደን መሬት የመንግሥት ነው የሚለው የሕግ ግምት በቀርጤስም ሆነ በኪክላዴስ አይሠራም።

ከቀርጤስ፦ ባለቤት ነህ፣ ግን ቤት አትሠራም፣ ወይን አትተክልም። ወረቀቱን አቅፌ ልተኛ?

ከለንደን፦ በእንግሊዝ አገርም ዛሬ ደን ማለት የሆነው «ፎረስት» መጀመሪያ የዛፍ ስም አልነበረም። ንጉሡ ለአደን የከለለውና የራሱ ሕግ ያለው መሬት ማለት ነበር። የእንግሊዝ ንጉሥ አሸናፊው ዊልያም በ11ኛው መቶ ዘመን የከለለው ኒው ፎረስት እስከ ዛሬ ሰፊው ክፍሉ ዛፍ አልባ ቁጥቋጦ ነው። ለዛፍ ጥቅጥቅታ ሌሎች ቃላት አሏቸው፤ «ኮፕስ» እንኳ በየጊዜው እየተቆረጠ ዳግም የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ያለበት ቦታ ነው። እና የሕግ ቃል ከዕፀዋት ጋር የግድ ይግጠም ያለው ማነው?

ከቀርጤስ፦ ምሳሌህ የሚረዳው እኔን ነው። በ1217 የወጣው የደን ቻርተር ነገሥታቱ ያለአግባብ ወደ ፎረስት የጨመሩት መሬት ከክልሉ ይውጣ ብሎ አይደለም እንዴ?

ከባሕር ዳር፦ እኔ የደን ባለሙያ ነኝ፤ ሁለታችሁም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጋችኋል።

ግሪክ ውስጥ «ማኪ» የሚባል ረጅም፣ ዓመቱን ሙሉ የሚለመልም፣ ሰው ሰንጥቆ ሊያልፈው የሚቸገር ጥሻ አለ። የሚበዙበት ደረቅ ያለ ቅጠል ያላቸው ትንንሽ የኦክ ዛፍ ዝርያዎችና የማስቲካ ቁጥቋጦ ናቸው። ሲቃጠል ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ከፍየልና ከእሳት ፋታ ካገኘ ወደ ደንነት ሊያድግ ይችላል። እርሱን ደን ቢሉት አልከራከርም። ፍሪጋና ግን ሌላ ነው። ክረምት ላይ ሰፋ ያለ ቅጠል ያወጣል፤ በጋው ሲደርቅ ያንን አራግፎ በትንንሽ ቅጠል ይቆያል። ድርቅን የሚችልበት ጥበቡ ይህ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ቴዎፍራስጦስ ከሁለት ሺህ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ዕፀዋትን በአራት ሲከፍል ዛፍን፣ ቁጥቋጦን፣ ፍሪጋናንና ቅጠላ ቅጠልን ለየብቻ አስቀምጧቸዋል። የግሪክ ገበሬ ዛሬም አይሳሳታቸውም፤ የሚያሳስተው ካርታው ነው።

ይህን ስል ግን ይታረስ፣ ቪላ ይሠራበት ማለቴ አይደለም። ያንን ስስ አፈር በተዳፋቱ ላይ የያዘው የፍሪጋና ሥር ነው። የደሴቶቹ ዝነኛ የጦስኝ ማር የሚመጣውም ከዚሁ እሾህ መካከል ነው። የራሱ ስምና የራሱ ጥበቃ ይሰጠው ነው የምለው። እኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል፦ ኢትዮጵያ ለደን የምትጠይቀውን ቁመት ከ5 ሜትር ወደ 2 ሜትር ስታወርድ፣ የቆላው ደረቅ የዛፍ ምድር በአንድ ጊዜ በደን መዝገብ ገባ። አንድ ዛፍ አልተተከለም፤ የደን ሽፋኑ ግን ጨመረ።

ከተሰሎንቄ፦ ጋሼ፣ ሐሳብዎ ያምራል፤ ነገር ግን «የራሱ ጥበቃ» እስኪጻፍ ድረስ በመካከሉ ምን ይሁን? ከደን ሕግ የወጣ መሬት፣ በተለይ ባሕር የሚያይ ተዳፋት፣ ሆቴል ሠሪ ከሕግ አውጪው ቀድሞ ይደርስበታል።

ከቀርጤስ፦ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የእርከን ግንብ ይታይ። ግንብ ያለበት እርሻ ነው፣ የሌለበት የናንተ ደን ይሁን። ፍሪጋና እኮ በሐዋርያት ሥራ ጳውሎስ ማልታ ላይ ለእሳት የለቀመው ጭራሮ ነው! ለጭራሮ ሕገ መንግሥት?

ከባሕር ዳር፦ በኪክላዴስ ተዳፋቱ ከባሕር ዳር እስከ ጫፍ በእርከን የተሠራባቸው ደሴቶች አሉ። በአንተ መለኪያ ከሄድን እዚያ ለንቦቹ የሚተርፍ መሬት የቱ ነው?