መሬት ፕላስቲክ አትበላም ብል ልጆቹ አላመኑኝም

መዋዕለ ሕፃናት ነው የማስተምረው። 22 ልጆች አሉኝ፣ ከ4 እስከ 5 ዓመት። ስለ አካባቢ ጥበቃ በወሬ ብቻ ማስተማር እንደማያዋጣ ስለገባኝ አንድ ነገር ሞከርኩ። ውስጡ በሚያሳይ ትልቅ ዕቃ አፈር ሞላንና የፍራፍሬ ልጣጭ፣ ቅጠል፣ ቁራጭ ወረቀትና የፕላስቲክ ክዳን ቀበርን።

መጀመሪያ ላይ ሸተተን። ልጆቹ ውሃ አብዝተውበት አየር አጥቶ ነበር። ደረቅ ቅጠል ጨምሬ፣ ዕቃውን ስበሳው ሽታው ጠፋ። በ6 ሳምንቱ ልጣጩ የለም፣ ወረቀቱ ተበጣጥሷል፣ ክዳኑ ግን እንደነበረ ነው። እኔ ደስ አለኝ።

ልጆቹ ግን የያዙት ሌላ ነው፦ «መሬት ቆሻሻ ትበላለች»። አባባሉን ያመጣሁት እኔው ነኝ፣ ምን ላድርግ! አሁን የከረሜላ ላስቲክና የተሰበረ መጫወቻ ሳይቀር ግቢው ውስጥ እየቀበሩ «አበላናት» ይሉኛል። ክዳኑን አውጥቼ ባሳያቸው አንዷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ገና አልራባትም!»

ፕላስቲክ መቶ ዓመታት ሊቆይ ይችላል ብላቸው ትርጉም የለውም። ለእነሱ የዛሬ ሳምንት ራሱ ሩቅ ነው። ማስፈራራትም አልፈልግም፤ የታመመች ምድር ስዕል ሳሳይ አንዱ አልቅሶብኛል።

በሳምንት ሁለት ቀን 20፣ 20 ደቂቃ አለኝ። አሸዋ፣ ውሃና ያገለገሉ ዕቃዎችም አሉ። መሬት የምትፈጨውንና የማትፈጨውን ራሳቸው እንዲለዩ፣ ውጤቱ በቀናት ውስጥ የሚታይ ምን ሥራ ላሠራቸው?