ለንደን ውስጥ ምግብ ለማድረስ 125 ሲሲ ሞተር ላይ ኤል መለጠፍ ብቻ ይበቃል?

ሄኖክ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። ለንደን ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የኢትዮጵያ የመኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ሞተር ግን ነድቼ አላውቅም። ምግብ የማድረስ ሥራ ልጀምር ብዬ አንድ ያገለገለ 125 ሲሲ ስኩተር አየሁ። ሻጩ «ቀዩን ኤል፣ የተማሪ ምልክቱን፣ ፊትና ኋላ ለጥፍና ውጣ፣ ማንም አይነካህም» ይለኛል። እውነቱን ነው? ጠዋት ጠዋትስ ባለቤቴን አፈናጥጬ ሥራ ቦታ ባደርሳት ችግር አለው? 28 ዓመቴ ነው።

ብርሃኑ፦
ሻጩ ሞተሩን መሸጥ ነው የፈለገው። ኤሉ ብቻውን የትም አያስወጣህም። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድህ እዚህ ነዋሪ ከሆንክ ጀምሮ 12 ወር መኪና ያስነዳሃል። ሞተር ካልተጻፈበት ግን ለሞተር አይሆንም። ወደ እንግሊዝ መንጃ ፈቃድም አይቀየርልህም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮቪዥናል የሚባለውን የተማሪ መንጃ ፈቃድ ታወጣለህ። በኦንላይን 34 ፓውንድ ነው። ቀጥሎ ሲቢቲ የሚባለውን የሞተር መሠረታዊ ሥልጠና ትወስዳለህ። ወረቀቱ ለ2 ዓመት ይሠራል። በእሱ እስከ 125 ሲሲ እና 11 ኪሎዋት ያለው ሞተር፣ ኤል ፊትና ኋላ ተለጥፎ ትነዳለህ። ሞተርዌይ፣ ማለትም ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ክልክል ነው፤ ኤም 25 ላይ እንዳትገባ። ኤ 40ን የመሰለ ሞተርዌይ ያልሆነ ዋና መንገድ ላይ ግን ትችላለህ። ያለ ሲቢቲ ከተያዝክ ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድና መንጃ ፈቃድህ ላይ እስከሚመዘገብ 6 የቅጣት ነጥብ ይደርሳል።

ዳዊት፦
ማፈናጠጡ እንኳ ይቻላል። ባለቤትህ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ካላት ከኋላ ትቀመጣለች። መኪና ስንማር እንደዚያው አይደል?

ብርሃኑ፦
ዳዊት፣ እሱ የመኪና ሕግ ነው። ሞተር ላይ ተማሪ ማንንም አያፈናጥጥም፤ የተፈናጠጠው ሰው የሃያ ዓመት ሞተረኛ ቢሆንም።

ሳራ (ሊድስ)፦
ስለ ሲቢቲ ቀን ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ፈተና እየመሰለው ይጨነቃል። መውደቅ የሚባል ነገር የለውም። አሠልጣኙ ገና ነህ ካለህ ሌላ ቀን ትመለሳለህ፣ በቃ።

ጠዋት 20 ሜትር ላይ ያለ ታርጋ ያስነብቡሃል። መነጽር የምታደርግ ከሆነ እንዳትረሳው፤ ፕሮቪዥናሉንም ያዝ፣ ያለ እሱ አያስጀምሩህም። ከዚያ ግቢ ውስጥ ነው። በስምንት ቁጥር ቅርጽ መዞር፣ ዩ ተርን፣ ድንገተኛ ፍሬን። ሁለቱን ፍሬኖች አመጣጥኖ መያዝ ለመኪና ሰው አዲስ ነገር ነው፤ የፊቱን ብቻ ጨምድደህ ከያዝክ ጎማው ተንሸራቶ ይጥልሃል።

በመጨረሻ ቢያንስ 2 ሰዓት መንገድ ላይ ትወጣለህ። አሠልጣኙ ከኋላህ እየነዳ በጆሮህ በሬዲዮ ያወራሃል። ደጋግሞ የሚጮኸው አንድ ነገር ነው፦ «ትከሻህን አልፈህ እይ!» ስፖኪዮ የማያሳይህ ቦታ አለ። ከመታጠፍህ በፊት አንገትህን አዙረህ ካላየህ ጎንህ ያለው ብስክሌተኛ አይታይህም። ሌላው ደግሞ ፍሬቻ ነው። የሞተር ፍሬቻ እንደ መኪና በራሱ አይመለስም፣ አንተ ነህ የምታጠፋው። እያብለጨለጨ ከሄድክ መኪናው ትታጠፋለህ ብሎ ከፊትህ ይገባል።

አዲስ አበባ የነዳ ሰው አንድ ነገር ይቸግረዋል። እኛ የለመድነው አስቸጋሪ መታጠፊያ ወደ ግራ ነው። እዚህ የሚመጣውን መኪና አቋርጠህ የምትታጠፈው ወደ ቀኝ ነው። አደባባይም በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ሲደክምህ እጅህ ወደ ድሮው ይሄዳል፣ ልብ በል።

ጋሽ ታደሰ፦
ልጄ ሄኖክ፣ ሁሉም ጥሩ መክረውሃል። እኔ ግን ብዙ ልጆች የተያዙበትን ልንገርህ፤ ኢንሹራንስ ነው። ርካሹን ገዝተው ሥራ ይጀምራሉ። እሱ ለራስህ ጉዳይ ብቻ የሚሠራ ነው። ሰው ከፍሎህ ዕቃ የምታደርስ ከሆነ ለዚያ ሥራ የሚሆን የተለየ ኢንሹራንስ አለ፣ «ሃየር ኤንድ ሪዋርድ» ይሉታል። ውድ ነው፣ አልዋሽህም። ያለ እሱ ፖሊስ ካቆመህ ኢንሹራንስ እንደሌለህ ይቆጠራል። 300 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው፣ ሞተሩንም ሊወስዱት ይችላሉ።

ነጥቡን ደግሞ አትናቀው። ፕሮቪዥናል ላይ የያዝከው ነጥብ ጊዜው ካላለፈ ወደ ሙሉው መንጃ ፈቃድ ይከተልሃል። ሙሉውን ካወጣህ በኋላ ባሉት 2 ዓመታት አንድ ጥፋት ብትጨምርና ድምሩ 6 ቢደርስ ይነጠቅሃል።

ሄኖክ፦
ጋሽ ታደሰ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን ሻጩ ትንፍሽ አላለም። ሲቢቲውን በየ2 ዓመቱ እያደስኩ መቀጠል እችላለሁ?

ብርሃኑ፦
ትችላለህ፣ ብዙ ምግብ አድራሾች እንደዚያ ነው የሚኖሩት። እኔ ግን አልመክርህም። 24 ዓመት ስላለፈህ በቀጥታ ለትልቁ የኤ ምድብ፣ ማለትም የኃይል ገደብ ለሌለው የሞተር መንጃ ፈቃድ፣ መፈተን ትችላለህ። ቲዮሪው 50 ጥያቄ ነው፣ 43 ማግኘት አለብህ። የአደጋ ምልክት በቪዲዮ የምትለይበት ክፍል ደግሞ ከ75 ነጥብ 44 ይፈልጋል። በሌላ ቋንቋ ማዳመጥና አስተርጓሚ ማስገባት በፈረንጆች 2014 ስለቀረ እንግሊዝኛህን አዘጋጅ። የተግባር ፈተናው ሁለት ነው፣ አንዱ ግቢ ውስጥ፣ አንዱ መንገድ ላይ። ስታልፍ ኤሉ ይነሳል፣ ባለቤትህንም ታፈናጥጣለህ። በአውቶማቲክ ከተፈተንክ ግን አውቶማቲክ ብቻ ነው የምትነዳው፤ ማርሽ ያለውን ተማር።

ሳራ፦
ስኩተሩን ሳትገዛ ዩሮ 3 የሚባለውን የጭስ ልቀት ደረጃ የሚያሟላ መሆኑን አረጋግጥ። ካልሆነ ለንደን ውስጥ በነዳህበት ቀን ሁሉ 12.50 ፓውንድ ትከፍላለህ። የሄልሜትህንም ውስጥ እይ፣ 22.05 ወይም 22.06 የሚል የደህንነት ደረጃ ምልክት ይኑረው።

ሄኖክ፦
ገባኝ፣ ፕሮቪዥናሉን ዛሬ እሞላለሁ። የምግብ ሳጥኑ የኋላውን ኤል ቢሸፍነውስ?

ጋሽ ታደሰ፦
አይሆንም፣ መታየት አለበት። ቦታ ጠበበኝ ብለህ ጠርዙን በመቀስ እንዳትቆርጠው፣ እሱም ያስቀጣል። የሳጥኑ ጀርባ ላይ ቀጥ አድርገህ ለጥፈው።