የመገጣጠሚያ ቅደም ተከተል፦ ፕሮግራሙ «የሚወጣ ክፍል የለም» ሲል

ጥያቄ
ባለ 14 ክፍል የማርሽ ፓምፕ የመገጣጠሚያ ቅደም ተከተል የሚያወጣ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። መንገዱ የታወቀው ነው፤ ያለቀውን ፓምፕ አንድ በአንድ ፈትቶ ዝርዝሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማንበብ። ለስድስቱም አቅጣጫዎች የግጭት ማትሪክስ (አንዱ ክፍል በዚያ አቅጣጫ ሲወጣ ከሌላው ከተጋጨ 1፣ ካልተጋጨ 0 የሚል ሰንጠረዥ) አለኝ። ግን ገና ከመነሻው ይቆማል፤ የክዳኑ 4 ኤም6 ብሎኖች እንኳ አይወጡለትም። በጄኔቲክ አልጎሪዝም (ብዙ መፍትሔዎችን እያዳቀለ የተሻለውን በሚፈልግ ዘዴ) ልቀይረው?

መልስ 1
አትቀይረው፤ ማትሪክሱ ከተሳሳተ የትኛውም አልጎሪዝም ያው ነው። ብሎኑ 6 ሚሜ ልሙጥ ዘንግ፣ ቀዳዳው ደግሞ ጥርስ ሳይወጣለት በ5 ሚሜ ተስሎ ይሆናል። ዙሪያውን 0.5 ሚሜ ብረቱ ውስጥ ስለሚገባ ግጭት ሆኖ ይቆጠራል። የብሎንና የቀዳዳ ጥንዶችን ለይተህ በመውጫው አቅጣጫ ብቻ 0 አድርጋቸው። «እስከ 0.5 ሚሜ መደራረብ ይፈቀድ» የሚል ጅምላ ልክ ግን እንዳታስገባ! የ20 ሚሜ ሻፍት መያዣ ቀለበት የሚገባበት ቦይ 19 ሚሜ ነው፤ ጥልቀቱ ያው 0.5። ቀለበቱ ያለ ፒንሳ ተንሸራቶ ሲወጣ ታገኘዋለህ።

መልስ 2
ክቡንስ ወደ ስንት ቀጥታ ጎን ነው የከፋፈልከው? ራዲየሱ 10 ሚሜ የሆነ ክብ በ24 ጎን ሲሳል የጎኑ መሃል ከእውነተኛው ክብ 0.086 ሚሜ ወደ ውስጥ ይገባል። ልኩ ጠበቅ ባለ ቀዳዳ ውስጥ የሻፍቱ ማዕዘን ከቀዳዳው ጎን ጋር ይጋጫል። በ96 ጎን ስህተቱ ወደ 0.005 ይወርዳል።
በነገራችን ላይ ስድስት ማትሪክስ አያስፈልግህም። የአንዱ አቅጣጫ ትራንስፖዝ (ረድፉና ዓምዱ የተቀያየረ ማትሪክስ) የተቃራኒው ስለሆነ ሦስቱ ይበቃሉ።

ጠያቂው
24 ነበር። አሁን ብሎኖቹም ክዳኑም ወጡ። የቀሩት ሁለቱ ሄሊካል ማርሾች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ይዞታል።

መልስ 1
እሱ ስህተት አይደለም። ጥርሳቸው ያጋደለ ስለሆነ አንዱን ብቻ ቀጥ አድርገህ ብትስበው ሌላው ያግደዋል። በእጅ እያዞሩ ማውጣት ይቻላል፤ ማትሪክስህ ግን መዞርን አያውቅም። በየአቅጣጫው «ማን በማን ይታገዳል» የሚል የቀስት ግራፍ ሥራና (ቀስቱ ከሚታገደው ወደሚያግደው) በታርጃን አልጎሪዝም፣ ማለትም በግራፍ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቡድኖችን በሚያገኝ ዘዴ፣ እርስ በርስ የተሳሰሩትን ቡድኖች አውጣ። ወደ ውጭ ቀስት የሌለው ቡድን እንደ አንድ ክፍል አብሮ ይወጣል። ግራፉ በሙሉ አንድ ቡድን ከሆነ በዚያ አቅጣጫ የሚፈታ ነገር የለም።

መልስ 2
የቁልፍ ቦታም ፈትሽ። ባለ ስድስት ጎን ራስ ቁልፉን አውጥቶ መልሶ ለመያዝ 60 ዲግሪ መወዛወዣ ይፈልጋል፤ ማትሪክሱ ይህን አያይም። ጄኔቲኩን የምታመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከሚሠሩት ተራዎች መካከል ፓምፑን ማገላበጥና መሣሪያ መቀያየር የሚያንስበትን ለመምረጥ ነው። ያለ ቅድመ ሁኔታ ከለቀቅከው 14 ክፍል 87,178,291,200 ተራ አለው፤ አብዛኛው የማይገጠም።